የወልባ ዘመን ማረሻ ለእኛ ትራክተር ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የማርሰው ምንጃር ነው፤ ከአረርቲ ወጣ ብሎ። እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ ተጋግዘን ያገለገለ ማሲ ፈርጉሰን ትራክተር ገዛን። ጉልበቱ 50 ፈረስ ነው። ማረሻ ግን የለንም፤ የአዲሱ ዋጋ አይቀመስም። የድሮው ወልባ፣ ማለትም የደርግ ዘመን አምራች ማኅበር፣ መጋዘን ጀርባ ሁለት የዛገ ማረሻ ሣር ውጦት ተጥሏል። አንዱ ሦስት ዲስክ አለው። ሌላው ሦስት ቆልማማ ገልባጭ። በቁራሌ ዋጋ ውሰዱ ብለውናል። የየትኛው ትራክተር ዕቃ ነው? ለእኛ ይገጥማል? ቢታደስስ ያርሳል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከሩቅ ሆኜ ስገምት፣ ባለ ዲስኩን ያንሱት፤ ባለ ገልባጩን ይተዉት። ግን ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሜትርና የሽቦ ብሩሽ ይዘው ይሂዱ።

ከባለ ገልባጩ እንጀምር። በደርግ ጊዜ ናዝሬት ይገጣጠም የነበረው የሶቪየቱ ቤላሩስ ትራክተር ነው። ማረሻው ከእሱ ጋር የመጣ ሊሆን ይችላል። ግንዱን፣ ማለትም ሁሉም የተያያዘበትን ዋና ብረት፣ በብሩሽ ፍቀው ሰሌዳ ወይም የተቀረጸ ፊደል ይፈልጉ። የእኛን «በ» የሚመስል ፊደል፣ ቀጥሎ «ለ»ን የሚመስል፣ ሦስተኛው እንደ መሰላል የሆነ፣ ከዚያ 3-35 የሚል ካገኙ በቃ፣ የሶቪየት ማረሻ ነው። 3 የገልባጩ ብዛት ነው። 35 ደግሞ አንዱ ገልባጭ የሚቆርጠው ስፋት በሳንቲሜትር። በአንድ ጉዞ 105 ሳንቲሜትር ይገለብጣል ማለት ነው። ይህ ለ80 ፈረስ ጉልበት ቤላሩስ የሚመጥን ሥራ ነው። የእርስዎ 50 ፈረስ በምንጃር ጥቁር አፈር ላይ ይህን ልጎትት ቢል ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፤ ናፍጣውም ያልቃል። በዚያ ላይ ጥቁር አፈር እርጥበት ሲኖረው ገልባጩ ላይ ይለጠፋል፤ እንደ ልብ አይንሸራተትም። ዲስክ እየተሽከረከረ ስለሚቆርጥ፣ መጥረጊያውም አፈሩን ስለሚያራግፍለት ይሻላል።

ይገጥማል ወይ ላሉት፣ የትራክተሩ ስም ብዙም አያስጨንቅዎ። ሃሪ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለገበያ ያወጣው በሦስት ነጥብ (በሁለት ታችኛ ክንድና በአንድ ላይኛ) የማያያዝ ዘዴ ኋላ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል። የሶቪየት ማረሻ ማሲ ላይ፣ የማሲው ቤላሩስ ላይ ሊታሰር ይችላል። ወሳኙ የፒኑ ውፍረት ነው። የታችኛው ፒን 22 ሚሊሜትር ከሆነ የመጠን ምድቡ አንደኛ (ካታጎሪ 1) ነው፤ 28 ከሆነ ሁለተኛ። የሁለቱ ታችኛ ፒኖች ርቀትም ይለያያል፤ በአንደኛው 68 ሳንቲሜትር ገደማ፣ በሁለተኛው 82 ገደማ ነው። ፒኑን ሲለኩ ያልተበላውን ጫፍ ይለኩ። መሃሉ ሲበላ 28 የነበረው ሳስቶ ያሳስትዎታል። ከዚያ የትራክተርዎን ክንድ ቀዳዳ ይለኩ። ፒኑ ለቀዳዳው ቢቀጥን ቡሽ (ቱቦ የመሰለ ብረት) ገብቶለት ይስተካከላል፤ ርካሽ ሥራ ነው።

አሁን ዝገቱ። ዝገት ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ እኔን ግን የሚያስፈራኝ ጠማማ ግንድ ነው። ዲስክ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን ሁሉ ይለወጣል። ግንዱ ከተጣመመ ወይም ከትራክተሩ ጋር የሚያያዝበት ጭንቅላት ከተሰነጠቀ ግን ቁራሌ ነው የገዙት። ስለዚህ ከፊት እስከ ኋላ ሲባጎ ወጥረው ይዩት። የብየዳ መገጣጠሚያዎችን እስኪያበሩ ፍቀው ስንጥቅ ይፈልጉ። ቀለም የተቀባ ከሆነ እንዲያውም ይጠርጥሩ፤ ቀለም ስንጥቅ ይደብቃል።

የዲስኩን ስፋት ይለኩ። የተለመደው የአዲስ ዲስክ ስፋት 66 ሳንቲሜትር ነው፤ 71 የሆነም አለ። እኔ ከ56 በታች የወረደውን እንደ ዲስክ አልቆጥረውም። ሦስቱም ተቀራራቢ መሆን አለባቸው፤ አለበለዚያ ትልቁ ሁሉን ይሸከማል። የተሰነጠቀ ዲስክ አያስበይዱ። በሙቀት የጠነከረ ብረት ስለሆነ ብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ ዲስኩን ከላይና ከታች ይዘው ይወዝውዙት። ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም ተበልቷል። ፈትተው በናፍጣ ያጥቡት። ሮለሩ ጉርብጥብጥ ካለ ቀለበቱንም አብረው ይለውጡ፤ አዲስ ሮለር በአሮጌ ቀለበት ላይ ዕድሜ የለውም። ኩሽኔታው ላይ የተመታውን ቁጥር ጽፈው ይያዙ። ቁጥሩ ዓለም አቀፍ ስለሆነ ሶማሌ ተራ ላለ ነጋዴ የማረሻውን ስም መንገር አያስፈልግም። ኦይል ሲሉንም አይርሱ፤ ውሃና አፈር የሚገባው እሱ ሲበላ ነው።

ብሎን አልፈታ ካለ በመዶሻ አይነርቱት። ናፍጣና ትንሽ የሞተር ዘይት ቀላቅለው ያጠጡት፤ ለሁለት ሦስት ቀን ይተዉት፤ ዳር ዳሩን ቀስ እያሉ መታ መታ ያድርጉት። ናፍጣ የጠጣ ብሎን ላይ ግን እሳት አያምጡ! አዲስ ብሎን ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። የድሮ የእንግሊዝ ዕቃ በኢንች ነው፤ የሶቪየቱ በሚሊሜትር። ኪያቤ ደግሞ ያታልላል። 19 ቁጥር ኪያቤ ሦስት አራተኛ ኢንች ላይም ልክክ ይላል። የሚያጋልጠው ጥርሱ ነው። ዳዶው በእጅ ሁለት ሦስት ዙር ካልሄደ ልኩ አይደለም፤ በኪያቤ ካስገደዱት ሁለቱንም ያበላሻሉ።

ከታደሰ በኋላ ማስተካከያው አለ። ዲስኩ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ42 እስከ 45 ዲግሪ፣ ወደ ኋላ የሚያዘነብለው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው። መሬቱ ደርቆ አልገባ ሲል ማዘንበሉን ይቀንሱ፤ ዲስኩ ቀጥ ይበል። ዲስክ ወደ መሬት የሚገባው በክብደቱ ነው። ይህን ሁሉ ስትሠሩ ማረሻው በሃይድሮሊክ ተንጠልጥሎ ሳለ ማንም ሥሩ አይግባ፤ ልጆቹንም ይንገሩ። መሬት ላይ አውርዳችሁ፣ ወይም ጠንካራ እንጨት ደግፋችሁ ሥሩ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የማኅበር ንብረት ነው ብለዋል። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ ብዙ አምራች ማኅበር ሲፈርስ ዕቃው ባለቤቱ ሳይለይ የቀረበት ቦታ አለ። «ውሰዱት» ያለዎት ሰው ለመሸጥ ሥልጣን አለው? ቀበሌውንና የወረዳውን ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ማኅተም ያለው ደረሰኝ በሦስታችሁም ስም ይቀበሉ። ብሎኑን መፍታት ከዚያ በኋላ ይጀምሩ።