ስም የሌለው የባስኬት ጫማ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? የ22 ዓመት ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ባስኬት እጫወታለሁ፤ ቦታዬ ጋርድ ነው፤ ኳስ እየነዳሁ የማቀብለው እኔ ነኝ። ባለፈው ደሴ ወጥቼ ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ የባስኬት ጫማ አየሁ። ስሙን ሰምቼው አላውቅም። ምላሱ ላይ የቻይንኛ ጽሑፍ አለ። ሻጩ 3,400 ብር ብሎኝ ስከራከረው 3,000 ደረሰ። እዚያው ሱቅ የታወቀ ምልክት ያለበት ሌላ ጫማ አለ፤ እሱን በ4,500 እሰጥሻለሁ አለኝ። ጓደኞቼ «ወላሂ ስም የሌለው ነገር እግርሽ ላይ እንዳታደርጊ፤ ትንሽ ጨምረሽ የታወቀውን ግዢ» ይሉኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን እግሬ ነው። አምና ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ወለም ብሎኝ ሁለት ወር ተቀምጫለሁ። የምንጫወተው ሲሚንቶ ላይ ነው። የትኛው ይሻለኛል?
ጋርዷ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ ልጄ። ይህን ስጽፍልሽ የእኔ ጫማ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል። እሱም «ስም የለሽ» ነው። ስምስ አለው፤ ግን አልጠራውም። አንድ ጥንድ ጫማ ለብሶ የአንድን ፋብሪካ ስም ማንሳትም መጣልም ደግ አይደለም። ስምንት ወር ተጫውቼበታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ደሴ፣ እሁድ ከሰዓት ደግሞ በሚኒባስ ወርጄ እናንተ ዘንድ። ሃምሳን ያለፈ፣ ጉልበቱ የሚንቋቋ ሰው ነኝና እንዳንቺ አልሮጥም። ክብደቴ ግን ያንቺን እጥፍ ሳይሆን አይቀርም፤ ጫማው ምሕረት አላገኘም።

መጀመሪያ የ4,500ውን ነገር እንጨርስ። ተዪው። ትክክለኛው የታወቀ ጫማ፣ አዲሱ፣ በዚያ ዋጋ እዚህ አይደርስም። የሚሸጡልሽ ምልክቱን ነው። ኮፒ የሚሠራ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ዓይን በሚያየው ላይ ነው፤ ቀለሙ ላይ፣ አርማው ላይ፣ ካርቶኑ ላይ። እግር የሚያርፍበት ላይ ይቆጥባል። ስሙን የማታውቂው ጫማ ቢያንስ ራሱን ነው የሚመስለው።

ደግሞስ ያልታወቀው ለማን ነው? ቻይና ውስጥ ፉጂያን በሚባለው ክፍለ ሀገር ቿንጆ የሚባል ከተማ አለ። እሱና ጎረቤቱ ጂንጂያንግ የጫማ አገር ናቸው። አንታ፣ ፒክ፣ 361 ዲግሪ የሚባሉት ሁሉ የወጡት ከዚያ ነው። እኛ ስማቸውን ስንሰማ ትከሻችንን እንሰብቃለን እንጂ ቶኒ ፓርከር ፒክ አድርጎ በአሜሪካው ትልቅ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ ተጫውቷል፤ እዚያው ክሌይ ቶምፕሰን አንታ ያደርጋል። ኒኮላ ዮኪችም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ከ361 ጋር ፈርሟል። (በነገራችን ላይ የዮኪች ከተማ ዴንቨር «ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራል» እየተባለ ይፈራል። 1,609 ሜትር ላይ ነው። ያንቺ ኮምቦልቻ ይበልጠዋል፤ ደሴ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ዮኪች አንድ ቅዳሜ ጦሳ ተራራ ሥር መጥቶ ቢሮጥልን ደስ ባለኝ።)

እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ስቴፎን ማርበሪ የሚባል የኒውዮርክ ጋርድ በስሙ ጫማ አስወጣ። ዋጋው 14 ዶላር ከ98 ሳንቲም። ሰው ሳቀ። እሱ ግን ያንኑ አድርጎ ኤንቢኤ ሜዳ ገባ። ኋላ ቻይና ሄዶ ቤጂንግን ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን አደረጋት።

እንግዲህ ወደ ሲሚንቶው። ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። የባስኬት ጫማ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ለእንጨት ወለል ነው። የታወቀውም ያልታወቀውም። ለእንጨት የተሠራ ሶል ለስላሳ ጎማ ነው፤ ቆንጥጦ ይይዛል፤ ሲሚንቶ ላይ ግን እንደ ላጲስ ያልቃል። የእኔው ሶል ላይ የዓሣ አጥንት የሚመስል ጥርስ አለው። መጀመሪያ ሰሞን ደሴ ላይ ተአምር ነበር። ቆርጬ ስገባ፣ ድንገት ስቆም፣ ጭው ብሎ ይጮኻል እንጂ አይነቃነቅም። ኮምቦልቻ ስወርድ ሌላ ጫማ ሆነ። የእናንተ ሜዳ አቧራ አለው፤ ንፋሱ ከሰዓት ያመጣዋል። የሶሉ ጥርሶች የተቀራረቡ ስለሆኑ አቧራው መሐላቸው ይገባና ይጠቀጠቃል። ሦስተኛው ሌይአፕ ላይ፣ ሮጬ ቅርጫቱ ሥር ስገባ፣ ግራ እግሬ ሸርተት አለ። ከዚያ ወዲህ እርጥብ ጨርቅ ሜዳ ዳር አስቀምጬ በየመሐሉ እረግጠዋለሁ። ልጆቹ «ጋሼ ቤት ሊገቡ ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል።

በሦስተኛው ወር ከቀኝ አውራ ጣቴ በታች ያሉት ጥርሶች ልሙጥ ሆኑ። ሳንቲም የሚያህል ቦታ ነው፤ ግን የምገፋው በእሱ ነው። በአምስተኛው ወር አፍንጫው ተከፈተ። ስተኩስ የቀኝ እግሬን ጫፍ የመጎተት መጥፎ ልማድ አለኝ። ጫማ ሰፊው ጋ ወሰድኩት። ጃንጥላው ሥር ገልብጦ አየውና በጣቱ ዳሩን እየዳሰሰ «ጋሼ ይሄ ሲጀመር አልተሰፋም፤ ተለጥፎ ብቻ ነው» አለኝ። ማስቲሹን ቀብቶ አደረቀው፣ አጣበቀው፣ ከዚያ በወፍራም ናይለን ክር ዙሪያውን ወጋው። እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም። ምክር ከፈለግሽ አዲሱን ጫማ ገና ሳትጫወቺበት አሰፊው። እኔ ያልሠራሁት ይህንን ነው።

ትራሱም፣ ማለቴ ተረከዝ ሥር ያለው ስፖንጅ፣ እንደ አየሩ ይለዋወጣል። ደሴ በጠዋት ብርድ ሲያደርጉት እንጨት ነው። አሥር ደቂቃ ከሮጥኩ በኋላ ነው የሚለሰልሰው። ኮምቦልቻ ላይ ግን ገና ሲታሰር ለስላሳ ነው። ስፖንጁ ሲበርደው ስለሚጠጥር ነው፤ ውዱም ጫማ ቢሆን ይህ ጠባይ አይጠፋውም። ስለዚህ ደሴ መጥተሽ የምትጫወቺ ከሆነ ሳትሟሟቂ አትዝለዪ።

አሁን ሱቁ ግቢና ይህን አድርጊ። ጫማውን ገልብጪና ሶሉን በጥፍርሽ ተጫኚው። ጥፍርሽ በቀላሉ ከሰመጠ ለሲሚንቶ አይሆንም፤ ጠጠር ብሎ ትንሽ ብቻ እሺ የሚልሽን ፈልጊ። ጥርሶቹ ጥልቅና ራቅ ራቅ ያሉ ቢሆኑ ለእናንተ አቧራ ይሻላል። ከዚያ በሁለት እጅ ይዘሽ እንደ ታጠበ ጨርቅ ጠምዝዢው። ወገቡ ላይ የሚጠመዘዝ ከሆነ መልሺው። መታጠፍ ያለበት ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ብቻ ነው። ተረከዙን ከኋላ በአውራ ጣትሽ ግፊው፤ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ መልሺው። መሬት ላይ አስቀምጪና ከፊት ለፊት እዪው። በትንሿ ጣት በኩል ሶሉ ከላይኛው ጨርቅ ወጣ ብሎ ሰፋ ማለት አለበት። ወደ ጎን ስትቆርጪ እግርሽ እንዳይገለበጥ የሚደግፈው እሱ ነው። የእኔው ይህ ሰፊ ነው፤ በስምንት ወር አንድ ጊዜም አልተገለበጠብኝም።

ቁጥሩን አትመኚው። የቻይና ጫማ ካርቶን ላይ የእግር ርዝመት በሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ 245፣ 250 እያለ። ማታ፣ እግርሽ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ካበጠ በኋላ፣ ወረቀት ላይ ቆመሽ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ለኪ። ሁለቱንም እግር። ስትሄጂም የምትጫወቺበትን ካልሲ ይዘሽ ሂጂ። የወንድ ቁጥር ብቻ ከሆነ ያላቸው ተረከዙ ይሰፋብሻል፤ ክሩን እስከ መጨረሻው ቀዳዳ አስገብተሽ እሰሪና ደረጃ ካለ ውረጂበት። ተረከዝሽ ብድግ ብድግ ካለ አትግዢው፤ በነፃ ቢሰጥሽም።

ቁርጭምጭሚትሽን በተመለከተ ደግሞ ሻጩ «አንገተ ረጅሙን ውሰጂ፣ ይይዝሻል» ማለቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ ከ600 በላይ የኮሌጅ ተጫዋቾችን ረጅምና አጭር ጫማ አልብሰው አይተው ነበር። በወለምታ በኩል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እግርን ዳግም የሚጥለው ብዙ ጊዜ የቀድሞው ወለምታ ራሱ ነው። ሁለት ወር መቀመጥሽ እግርሽን አሳረፈው እንጂ አላጠነከረውም። ጥርስሽን ስትፋቂ በቀኝ እግርሽ ብቻ ቁሚ። ሲቀልልሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ። ትስቂ ይሆናል፤ ግን ሞክሪውና መጀመሪያ ቀን ስንት ሰከንድ እንደቆምሽ ጻፊልኝ። በክር የሚታሰር የቁርጭምጭሚት መደገፊያ ካገኘሽም ለጨዋታ አድርጊው። ጫማውን ስትገዢ እሱን አስቢና ቁጥሩን አስተካክዪ፤ ጫማው ውስጥ ቦታ ይወስዳል።

በአጭሩ ያ የ3,000 ብሩ ጫማ ጥፍሩን፣ ጥምዘዛውንና ተረከዙን ካለፈ ውሰጂው። 2,700 በዪው መጀመሪያ። የሚተርፍሽን ለጫማ ሰፊው ስጪ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ በክረምት ጉሙ አይለቅም፤ የባስኬት ጫማዬን ሳጥበው ሦስት ቀን አይደርቅም። እናቴ ከሰል ዳር አድርጊው ትለኛለች። ይቻላል?
ከሰኞ ገበያ

መልስ፦ እናትሽን አክብሪ፤ ጫማውን ግን ከሰል ዳር አታድርጊ። ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያላላዋል፤ ሶሉ ይለቃል። ስታጥቢውም አትዘፍዝፊው፤ በብሩሽና በለብታ ውሃ ላይ ላዩን ይበቃዋል። የውስጥ ሶሉንና ክሩን አውጪ፤ ለብቻቸው ይድረቁ። ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቂበት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ እርጥቡን አውጥተሽ ደረቅ ቀይሪ፤ ማታ እንደገና ቀይሪ። ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ አፉን ወደ ታች ደፍተሽ። በማግስቱ ከሰዓት ይደርቃል። ጋዜጣ ነው ያልኩሽ፤ መጽሔት አይሆንም። የእኛ ወረቀት ያብረቀርቃል እንጂ ውሃ አይመጥም።