መልስ፦ ከሄምፕ አገዳ ትርፍ ናኖሴሉሎስ ይወጣል ወይ?

ወንድሜ፣ «ቃጫው ከተላጠ በኋላ የሚተርፈው የሄምፕ (ለቃጫው የሚዘራ የካናቢስ ዓይነት) እንጨት ለከብት መኝታ ከመነጠፍ ሌላ ናኖሴሉሎስ ይሆናል ወይ?» ብለሃል። ይሆናል፤ ናኖሴሉሎስ ማለት የተክሎች አካል የተገነባበት ሴሉሎስ ውፍረቱ በናኖሜትር (በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) እስኪለካ ሲደቅ ነው። ድካሙ ግን ከቃጫው ይበልጣል። ምክንያቱ ሊግኒን የሚባለው እንጨትን የሚያጠነክር ንጥረ ነገር ነው። በቃጫው ውስጥ ጥቂት ነው፣ በውስጠኛው እንጨት ግን ሩብ ያህል ሊደርስ ይችላል። ሴሉሎሱን እንደ ሙጫ ስለያዘው መጀመሪያ እሱን ማስለቀቅ ግድ ነው።

የተለመደው፣ አገዳውን ፈጭቶ በኮስቲክ ሶዳ መቀቀል፣ ከዚያ በሶዲየም ክሎራይት ወይም በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማንጣት ነው። ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ሲቀርህ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። 64 በመቶ በሆነ ሰልፈሪክ አሲድ፣ በ45 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ብታቆየው አሲዱ ልል የሆነውን ክፍል በልቶ ክሪስታሉን ይተውልሃል፤ ውፍረታቸው ጥቂት ናኖሜትር የሆነ አጫጭር ዘንጎች ናቸው። ሰዓቱን ካሳለፍከው ሴሉሎሱ ወደ ስኳር እየተለወጠ ምርትህ ይመናመናል። ሌላው መንገድ በከፍተኛ ግፊት መፍጫ ደጋግሞ ማሳለፍ ነው፤ ረጃጅም ክሮች ያሉት፣ እንደ ገንፎ የወፈረ ጄል ይሰጥሃል። መብራት ግን ይበላል!

ለወረቀት ማጠንከሪያ ከሆነ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። አሲዱን ጓዳ ውስጥ እንዳትሞክር፤ ላቦራቶሪ ብታገኝም አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አትጨምር።

አገር ቤት ካለህ ደግሞ ሄምፕ ከማሳደድ የእንሰት ቃጫ ይሻልሃል፤ አሠራሩ በመሠረቱ ያው ነው።