ቤት ቀይራችሁ የመኪና ቻርጀር ያስቸገራችሁ፣ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ስራዬ የቤት መብራት ዝርጋታ ነው፣ በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ስልኬ የሚጮኸው በብዛት ለኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ነው። አብዛኛው ሰው ቤት ሲቀይር የሚጠይቀኝ ተመሳሳይ ስለሆነ እዚሁ ወርውሩት፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከቦሌ ወደ አያት ገባን፣ ግድግዳ ላይ የነበረውን 7 ኪሎዋት ቻርጀር ነቅዬ ይዤዋለሁ። ዝም ብዬ ብሰቅለው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው ወንድሜ። ቻርጀሩ ያው ነው፣ ከኋላው ያለው ሽቦ ግን ያው አይደለም። 7 ኪሎዋት ማለት በ220 ቮልት 32 አምፔር ነው፣ ያውም ለሰዓታት ሳያቋርጥ። መጀመሪያ ከፖል እስከ ቆጣሪ ከቆጣሪ እስከ ዋናው ብሬከር ያለው ሽቦ ውፍረቱ ይታይልህ፣ ከዛ ለቻርጀሩ ብቻ ባለ 6 (ስኩዌር ሚሊሜትር) የመዳብ ሽቦ በራሱ 40 አምፔር ብሬከር፣ መኪና ማቆሚያው ከቆጣሪው ራቅ ካለ ባለ 10። ሽቦ ስትገዛ ጫፉን ፋቅ አርገህ እይ፣ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው፣ ሻጩ ቢምል እንኳ ተወው። የቤቱ መግቢያ መስመር ቀጭን ከሆነም ቻርጀሩን አትሽጠው፣ ብዙዎቹ አምፔር መቀነሻ አላቸው፣ ወደ 16 አውርደህ ተጠቀምበት።

ጥያቄ፦ እና በ16 አምፔር መቼ ሊሞላ ነው? መኪናዬ የቢዋይዲ ሲጋል ነው።

መልስ፦ እስቲ አብረን እናስላው። ትልቁ የሲጋል ባትሪ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ 16 አምፔር 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይሰጥሃል፣ ከባዶ ብትነሳ እንኳ 12 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ግን ማን ነው በየቀኑ ባዶ የሚያደርገው? በቀን 40 ኪሎሜትር ብትነዳ የምትበላው ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ሁለት ሰዓት አይሞላም። እኔ በግሌ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው 7 ኪሎዋት ቅንጦት ነው ባይ ነኝ፣ ስራ ቢያመጣልኝም።

ጥያቄ፦ የምጣድ መስመር አለን፣ ወፍራም ነው። እሱ ላይ ልሰካው?

መልስ፦ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ ሀሳቡ መጥፎ አይደለም እህቴ፣ ግን ምጣድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ሰርቶ ይጠፋል፣ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚጎትተው። ሶኬቱን በኢንዱስትሪያል ሶኬት አስቀይሪው፣ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ደግሞ መኪናው ይነቀል። የቻይናውን ሰያፍ ፕለግ በአዳፕተር ወይ በዲቫይደር መሰካት ግን በፍጹም፣ ቀልጦ ያየሁት ሁሉ እዛ ጋ ነው የሚቀልጠው።

ጥያቄ፦ አዲሱ ቤት ስንገባ ተንቀሳቃሹ ቻርጀር (ከመኪናው ጋር የመጣው) ቀይ እያበራ እምቢ አለ። ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ሶኬቱ ውስጥ አንዲት አጭር ሽቦ አገናኘና ሰራ። ተገላገልኩ ማለት ነው?

መልስ፦ አልተገላገልክም፣ ዛሬውኑ አስነቅላት! ቀይ ያበራው ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የደህንነት ሽቦ) አጥቶ ነው፣ ሰውየው ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) ከኧርዙ ጋር አገናኝቶ ቻርጀሩን አታሎልሃል። አሁን መንገድ ላይም ሆነ ቆጣሪው ጋ ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ የመኪናው ብረት ራሱ 220 ይሸከማል፣ በር ልትከፍት የነካ ልጅ ይመታል፣ ብሬከሩ ደግሞ ምንም አይሰማውም። ትክክለኛው የመዳብ ዘንግ ግቢው ውስጥ እርጥበት ያለው ቦታ ላይ መቅበር ነው፣ አንዳንዱ ከሰልና ጨው ይጨምርበታል፣ አይከፋም፣ ዋናው በኧርዝ ቴስተር መለካቱ ነው፣ "ቀብሬዋለሁ" የሚል ባለሙያ ቁጥሩን ያሳይህ። ላዩ ላይ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መሳሪያ)፣ ኧርዝ ካለ አርሲዲ አያስፈልግም የሚል ሰው ቢመጣ ሸኙት። ኪራይ ቤት እያያችሁ ያላችሁም ከመፈራረማችሁ በፊት ሶኬቱን ቴስተር አስነኩ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከጀርመን ቻርጀር ሊልክልኝ ነው፣ መኪናዬ ከቻይና የመጣ የቮልስዋገን አይዲ 4።

መልስ፦ የቻይናው አይዲ 4 የቻርጅ አፉ ጂቢቲ የሚባለው የቻይና ዓይነት ነው፣ የጀርመኑ ታይፕ ቱ፣ አይገጥምም። አዳፕተር አለ፣ ግን ከዛ ጂቢቲውን እዚሁ ብትገዛ ይሻላል። የአሜሪካውንስ ጭራሽ አታስቡት።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነን። ኤክስቴንሽን በመስኮት?

መልስ፦ አይሆንም። በተለይ ክረምት ላይ፣ መኪናው ዝናብ ይችላል፣ መሬት ላይ የተኛችው የኤክስቴንሽን መጋጠሚያ ግን አትችልም። ኮሚቴውን በጽሁፍ አስፈቅዱ፣ ከራሳችሁ ቆጣሪ በቱቦ እስከ ማቆሚያው መስመር ይሳብ፣ መጨረሻው ላይ የሚቆለፍ ሳጥን። ሶስት አራት ባለመኪና ከሆናችሁ አንድ ላይ አስቆፍሩ፣ ወጪው ቁፋሮው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ፣ ቆጣሪው ከአከራዮቼ ጋር የጋራ ነው፣ ቢሉ ጨመረ ብለው ተቆጡ።

መልስ፦ እውነታቸውን ነው፣ ፍጆታ ሲጨምር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል፣ ባንቺ ምክንያት የእነሱም ፍሪጅ በውድ እየተቆጠረ ነው። በቻርጀሩ መስመር ላይ ትንሽ ሰብ ሜትር (የቻርጀሩን ብቻ የሚቆጥር ቆጣሪ) አስገጥሚና በየወሩ አብራችሁ አንብቡት፣ ከሱ በላይ ትንሽ ጨምረሽ ክፈያቸው።

ጥያቄ፦ ካርድ ቆጣሪ ነው፣ ሌሊት ብሩ አልቆ ጠዋት መኪናው አልሞላም።

መልስ፦ ማታ ስትሰካ ቀሪውን እይ። መብራት ሄዶ ሲመጣም እንዲሁ፣ አንዳንዱ ቻርጀር ራሱ ይቀጥላል አንዳንዱ የቻርጀሩን የራሱን ካርድ ካላስነካኸው አይነሳም፣ የናንተ የትኛው እንደሆነ አንዴ ብሬከሩን አጥፍታችሁ አብርታችሁ ሞክሩት።