በዳታ የሚያወርድ፣ በዋይፋይ የማያወርድ ፕሌይ ስቶር

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ማራኪ በሚባለው አካባቢ ቤት ተከራይቼ የምኖር መምህርት ነኝ። የአከራዬን ዋይፋይ ከሌሎች ተከራዮች ጋር እጠቀማለሁ፤ በየወሩም ድርሻዬን እከፍላለሁ። ቴሌግራምና ዩቲዩብ በዋይፋዩ ያለ እንከን ይሠራሉ። ፕሌይ ስቶር ግን ቢከፈትም አያወርድም፤ «ፔንዲንግ» ብሎ ለሰዓታት ይቆያል። አንዳንዴ ጭራሽ ገጹም አይመጣም። ዋይፋዩን አጥፍቼ የሞባይል ዳታ ስከፍት ወዲያው ያወርዳል። ጥገና ቤት ብወስደው «ሶፍትዌር መጫን አለበት፤ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል» ተባልኩ። የተማሪዎቼ ውጤትና ብዙ ፎቶ አለበት። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሶፍትዌር አያስጭኑ። የምርመራውን ግማሽ ራስዎ ሠርተውታል። በዳታ ወዲያው የሚያወርድ ከሆነ ፕሌይ ስቶሩም፣ የጉግል አካውንትዎም፣ የስልኩ ሶፍትዌርም ደኅና ናቸው። በዋይፋይ ታሞ በዳታ የሚድን ሶፍትዌር እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ ጥፋቱ ከሁለት ቦታ በአንዱ ነው፦ ወይ ስልክዎ ስለዚያ አንድ ዋይፋይ በያዘው ማስታወሻ ውስጥ፣ ወይ በአከራይዎ ራውተር (ዋይፋዩን በሚያሰራጨው ሳጥን) ውስጥ። የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ምንም ነገር መነካካት የለበትም።

ይህን አፌን ሞልቼ የምናገረው አንድ ጊዜ ስለተቀጣሁበት ነው። ከዓመታት በፊት ቅዳሜ ገበያ እህል የሚነግዱ እናት ልክ እንደ እርስዎ ያለ አቤቱታ ይዘው አራዳ ወዳለው ሱቄ መጡ። በሱቄ ዋይፋይ ሞከርኩት፤ እምቢ አለ። ካሹን (ጊዜያዊ ማስቀመጫውን) አጠፋሁ፣ የፕሌይ ስቶሩን ማሻሻያ አስወገድኩ፤ እምቢ አለ። እልህ ያዘኝና ስልኩን ፎርማት አደረግሁት። እንደ አዲስ ተነሣ፤ አሁንም እምቢ አለ። ያን ጊዜ ነው ከወር በፊት በገዛ እጄ ያደረግሁት ነገር ትዝ ያለኝ፦ ሁለቱ ተለማማጆቼ ቀኑን ሙሉ ጌም ሲያወርዱ ሰልችቶኝ ፕሌይ ስቶርን ራውተሬ ላይ ዘግቼው ነበር። የሴትዮዋ ቤት ችግር ኋላ ላይ ራውተሩን አጥፍቶ በማብራት ብቻ ተስተካከለ። ገንዘብ አልተቀበልኩም፤ የልጅ ልጃቸው የክርስትና ፎቶ ግን ጠፍቶ ቀረ። አልተቆጡኝም። ስልኩን ከእጄ ተቀብለው ዝም ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ስልክ እንዲህ ብሎ ሲመጣ በመጀመሪያ የማደርገው ከራሴ ስልክ ሆትስፖት (የስልኩን ዳታ እንደ ዋይፋይ ለሌላ ከሚያካፍለው) ጋር ማገናኘት ነው።

እርስዎም ይህንኑ ያድርጉ። የሥራ ባልደረባዎን ሆትስፖት እንዲከፍቱልዎ ይጠይቁ፤ የእርስዎን ዳታ አጥፍተው ስልክዎን ከዚያ ጋር ያገናኙና አንድ ትንሽ መተግበሪያ ያውርዱ። የሰው ዳታ ነውና ከ5 ሜጋባይት ባይበልጥ መልካም ነው። ቀጥሎ ማታ ቤት ሲገቡ ጎረቤትዎ ያለውን ተከራይ «የአንተ ፕሌይ ስቶር በዚህ ዋይፋይ ያወርዳል?» ብለው ይጠይቁ። በሆትስፖቱ ካወረደልዎና የጎረቤትዎም ስልክ በአከራዩ ዋይፋይ እምቢ ካለ ጥፋቱ የራውተሩ ነው። የጎረቤትዎ ስልክ አውርዶ የእርስዎ ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ ስልክዎ ውስጥ ይፈለጋል።

በዚህ ፈተና ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንድሮይድ ሆትስፖትን ብዙ ጊዜ «በክፍያ የሚቆጠር ዳታ ነው» ብሎ ይለየዋል። ፕሌይ ስቶርዎ በዋይፋይ ብቻ እንዲያወርድ ታዝዞ ከሆነ እንዲህ ያለውን ዋይፋይ እንደ ዋይፋይ አይቆጥረውም፤ «ዋይፋይ እየጠበቅሁ ነው» ብሎ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ከፈተናው በፊት ፕሌይ ስቶርን ከፍተው፣ ከላይ ጥግ ላይ ያለውን የራስዎን ምስል ነክተው፣ ሴቲንግ፣ ከዚያ ኔትወርክ ፕሪፈረንስ ውስጥ ይግቡና ማውረጃውን «በማንኛውም ኔትወርክ» ያድርጉት። የቤትዎን ዋይፋይም አንድ ሰው «ሚተርድ» (በክፍያ የሚቆጠር) ብሎት ሊሆን ይችላል፤ በስልኩ የዋይፋይ ዝርዝር ስሙን ሲነኩት ይታያል።

ጥፋቱ ከስልክዎ ከሆነ ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው። የዋይፋዩን ስም ነክተው «ፎርጌት» ይበሉት፤ የይለፍ ቃሉን አስቀድመው መያዝዎን አይርሱ፣ አከራይን ለይለፍ ቃል ሁለት ጊዜ ማስቸገር ደስ አይልም። እንደገና ሲያገናኙት «ፕሮክሲ» (ግንኙነቱን በመሃል ሆኖ የሚያስተላልፍ ኮምፒውተር) የሚለው ቦታ ባዶ ወይም «ነን» (የለም) መሆኑን ይዩ። ፕሮክሲ ለእያንዳንዱ ዋይፋይ ለየብቻው የሚሞላ ስለሆነ በዳታ ሲሠሩ ጨርሶ አያስቸግርም፤ ሁሉም መተግበሪያ ደግሞ አያከብረውም። ለዚህ ነው አንዱ ሲከፈት ሌላው የሚዘጋው። ከዚያ ቪፒኤን (ግንኙነትዎን በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያዞር መተግበሪያ) ካለ ያጥፉት። ፕሌይ ስቶር ላይ ካሽና ዳታ ማጥፋትም ይችላሉ፤ ፎቶዎንም የተማሪዎችዎንም ውጤት አይነካም። የሚፈራው ስልኩን በሙሉ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መመለስ ነው።

እኔ ግን ከገለጻዎ ተነሥቼ ብወራረድ ራውተሩ ላይ እወራረዳለሁ። በኪራይ ግቢ የሚሠራ ዋይፋይ ብዙ ጊዜ እጅ ይገባበታል። አምስት ተከራይ በአንድ መስመር ላይ ሲቀመጥ፣ የአምስቱም ስልክ ማታ ማታ መተግበሪያ ሲያድስ፣ የአከራዩ ልጅ የእግር ኳስ ጨዋታ ሲቆራረጥበት፣ አንድ ቀን ራውተሩ ውስጥ ይገባና ፕሌይ ስቶርን ይዘጋዋል። አልፈርድበትም፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

አዘጋጉ ደግሞ ምልክት ይተዋል። ጉግል የድርጅቶች የኔትወርክ ባለሙያዎች ለፕሌይ ስቶር ክፍት እንዲያደርጉ የሚጠይቃቸው፣ በቁጥር የሚጠሩ የመረጃ መተላለፊያ በሮች (ፖርት) አሉ፦ 443 እና ከ5228 እስከ 5230 ያሉት። ተራ ድረ ገጾችም ሆኑ ዩቲዩብ በ443 ያልፋሉ። ፋየርዎሉ፣ ማለትም የራውተሩ በር ጠባቂ፣ 443ን ትቶ ሌሎቹን ሲዘጋ የመደብሩ ገጽ ይከፈታል፤ ማውረዱ ግን «ፔንዲንግ» ላይ ሊቆም ይችላል። ይህ የእርስዎን ገለጻ ይመስላል። አንዳንዴ ገጹም አለመምጣቱ ግን ሌላ ሁለት ነገር ያስጠረጥረኛል።

አንዱ ዲኤንኤስ ነው። ጎንደር ውስጥ ቤት በቁጥር አይፈለግም፤ «ከጃንተከል ዋርካ ወረድ ብለህ ጠይቅ» ይባላል፣ እዚያ ያለ ልጅ ይመራል። ዲኤንኤስ ያ ልጅ ነው፤ የድረ ገጹን ስም ሲሰጡት የቁጥር አድራሻውን ይነግራል። ራውተሩ ያቆመው ልጅ አንዳንድ ቤት የማያውቅ ወይም አሮጌ አድራሻ የሚናገር ከሆነ አንዱ መተግበሪያ ሲደርስ ሌላው መንገድ ላይ ይቀራል። ለመሞከር የዋይፋዩን ስም ነክተው ማስተካከያ ውስጥ ይግቡ፤ «አይፒ ሴቲንግ» የሚለውን «ስታቲክ» (በእጅ የሚሞላ) ያድርጉ፤ የአይፒውን (የስልክዎን አድራሻ) እና የጌትዌዩን (የራውተሩን አድራሻ) ቁጥር እንዳለ ትተው በዲኤንኤስ 1 ቦታ 8.8.8.8፣ በዲኤንኤስ 2 ቦታ 1.1.1.1 ይጻፉ። ማውረድ ከጀመረ ጥፋተኛው ተገኘ። ነገር ግን እንደዚሁ አይተዉት፤ «ስታቲክ» ያደረጉትን አድራሻ ራውተሩ ለሌላ ተከራይ ሊሰጠውና ሁለታችሁም ልትቋረጡ ትችላላችሁ። ከሙከራው በኋላ ወደ «ዲኤችሲፒ» (ራውተሩ አድራሻውን በራሱ ወደሚሰጥበት) መልሰው፣ ዘላቂው ለውጥ ራውተሩ ላይ ይደረግ።

ሁለተኛው ኤምቲዩ የሚባለው የጭነት መጠን ልክ ነው። ብዙ ሰው፣ ባለሙያ ነኝ የሚለውም ጭምር፣ አይመረምረውም። መረጃ በኢንተርኔት የሚጓዘው በጭነት ተከፋፍሎ ነው፤ የተለመደው ትልቁ ጭነት 1500 ባይት ነው። በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የሚከፈተው ፒፒፒኦኢ የተባለው መስመር ግን 8 ባይት ለራሱ ይወስድና 1492 ብቻ ያሳልፋል። ራውተሩ 1500 ተብሎ ከተሞላ ጭድ የተጫነች አህያ በጠባብ የግቢ በር ልትገባ ስትታገል ያዩ እንደሆነ፣ ያው ነው፤ ባዶዋ ትገባለች፣ የተጫነችው በሩ ላይ ትቀራለች። ትንንሹ የቴሌግራም መልእክት ያልፋል፣ ትልልቁ ጭነት ይጠፋል፤ ስልኩም መቅረቱን የሚነግረው የለም፣ ክቡን እያሽከረከረ ይጠብቃል። በራውተሩ የ«ዋን» (የኢንተርኔት መስመሩ ማስተካከያ) ገጽ ላይ ኤምቲዩ 1492 ይደረግ። ኤምኤስኤስ የሚል ቦታ ካለው ደግሞ 1452።

አሁን የሚቀረው ከአከራይዎ ጋር መነጋገሩ ነው፤ ይህ ከቴክኒኩ ይከብዳል። «ዘግታችሁብኛል» ብለው አይጀምሩ። «የተማሪዎቼን ሥራ የማይበት መተግበሪያ አልወርድ አለኝ፤ ልጅዎ ራውተሩን ቢያይልኝ» ይበሉ። በዚያው ላይ እርስዎም አንድ ነገር ይስጡ፦ ፕሌይ ስቶርዎ መተግበሪያዎችን በራሱ እንዳያድስ አጥፍተው፣ እርስዎ በፈለጉበት ሰዓት፣ ሌሊት ወይም ማለዳ፣ እንደሚያድሱ ይንገሯቸው። የተዘጋው ለዚሁ ከሆነ ምክንያቱ ይነሣል። ልጁ ከራውተሩ ጀርባ ያለውን አድራሻና የይለፍ ቃል ተጠቅሞ ይግባና መጀመሪያ «ፓረንታል ኮንትሮል»ን (የወላጅ ቁጥጥሩን)፣ ከዚያ ፋየርዎሉን፣ ከዚያ ዲኤንኤሱን፣ መጨረሻ ኤምቲዩውን ይይ። ከሁሉ በፊት ግን ራውተሩን ከሶኬት ነቅሎ አንድ ደቂቃ ቆይቶ መሰካት አይረሳ፤ መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር የሚደነባበር ራውተር ብዙ አይቻለሁ።

አንድ ነገር በጥብቅ እከለክላለሁ፦ ከራውተሩ ጀርባ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ መርፌ አስገብቶ «ሪሴት» ማድረግ። የመስመሩ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አብሮ ይጠፋል፤ ግቢው ሁሉ ኢንተርኔት አልባ ይሆናል፣ አከራዩም 994 እየደወሉ ባለሙያ ሲጠብቁ እርስዎን በክፉ ዓይን ያዩዎታል።

በዳታም በዋይፋይም ፕሌይ ስቶር እምቢ ለሚላችሁ ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ አንድ ቃል አለኝ፤ ወደ ሱቄ ከሚመጣው ከዚህ ዓይነት አቤቱታ ብዙው የቀን ጉዳይ ነው። ስልኩን ስታዩት ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ተሞልቷል። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጁን ዘመን ስለሆነ ራሱን 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ያገኘዋል። ፕሌይ ስቶር ሲገናኝ የጉግል ኮምፒውተር መታወቂያውን ያሳያል፤ መታወቂያው የሚጸናበት ቀን ተጽፎበታል፤ ስልኩም «ይህ ገና ወደፊት የሚሰጥ መታወቂያ ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። ቴሌግራም የራሱን መንገድ ስለሚጠቀም ብዙ ጊዜ በዚያው ይሠራል፤ ለዚህ ነው ሰው «ኢንተርኔቱማ አለ» እያለ የሚከራከረኝ። መድኃኒቱ ቀኑንና ሰዓቱን በራሱ እንዲሞላ ማድረግ ነው።

«እኔ ግን የእኛን ሰዓት ማየት እፈልጋለሁ» ለሚሉ አባቶችና እናቶች የማደርግላቸው ዘዴ አለ። ሰዓቱን በእጅ አልነካም። የሰዓት ቀጠናውን ብቻ ከአዲስ አበባ ወደ ቦነስ አይረስ እቀይረዋለሁ። የአርጀንቲና ሰዓት ከእኛ ቀጠና በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ስልኩም 3 ይላል። ስልኩ በውስጡ የሚቆጥረው እውነተኛ ጊዜ ስለማይነካ ፕሌይ ስቶር አይከፋውም፤ ቀኑም በእኩለ ሌሊት ፋንታ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይለወጣል። አንድ ሽማግሌ ይህን ሳደርግላቸው ስልካቸው አርጀንቲና መሄዱን ሰምተው «ቪዛውን ማን ሰጠው?» አሉኝ። ብቻ የአውሮፕላን ቀጠሮ ያለው ሰው ይህን ከማድረጉ በፊት ቢያስብበት ይሻላል፤ በረራው የሚጻፈው በፈረንጁ ሰዓት ነው።

መምህርት፣ የሆትስፖቱንና የጎረቤትዎን ስልክ ውጤት ጽፈው ይላኩልኝ፤ በራውተሩ ጀርባ የተለጠፈውን የሞዴል ስምም ይጨምሩበት፣ የይለፍ ቃሉን ግን አይላኩ። እስከዚያው ያ ጥገና ቤት አሁንም «ሶፍትዌር ነው» ካለዎት ስልክዎን በፊትዎ ከገዛ ስልኩ ሆትስፖት ጋር እንዲያገናኘው ይጠይቁት።