«እኔ ነኝ የምመልስላት»

ጥያቄው ባጭሩ፦ «የ15 ዓመት ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም፤ እንግዳ ሲመጣ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች። ዘመድም ሆነ መምህር ሲጠይቃት እኔ ነኝ የምመልስላት። ሰዉ ምን ይለናል? መድኃኒት የለውም?»

ውድ እናት፣

ደብዳቤዎ ላይ እንግዶቹ ያሉት፣ መምህሯ ያለው፣ አክስቷ ያለችው ሁሉ ሰፍሯል። ልጅዎ ያለችው ግን አንድም ቃል የለም።

«ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?» ስትባል ምን እንደሚሆን ልብ ይበሉ። ልቧ ይመታል፣ ፊቷ ይግላል፣ ቃል ይጠፋባታል። ሁለት ሦስት ሴኮንድ ዝም ስትል እርስዎ «ዘጠነኛ ናት፤ አፋር ሆና ነው» ይላሉ። ጭንቀቷ ወዲያው ይበርዳል። ችግሩን የሚያቆየው ይኸው እፎይታ ነው፤ «እማዬ ባትደርስልኝ ጉድ ሆኜ ነበር» ብላ ታምናለች። ትንሽ ብትቆይ መልሱ እንደሚመጣላት፣ ድምጿ ቢንቀጠቀጥም እንግዳው ቡናውን መጠጣቱን እንደሚቀጥል የምታይበት ዕድል አታገኝም። ስለዚህ ቀጣዩ እንግዳ የበለጠ ያስፈራታል። የሚመልሱላት ከፍቅር መሆኑን አልጠራጠርም፤ ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚጨነቁት ሁለታችሁም ናችሁ። «ሰዉ ምን ይለናል» የእርስዎ ጥያቄ እንጂ የእርሷ አይደለም፤ እርሷም ከእርስዎ ፊት ታነበዋለች።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የእንግሊዙ ተቋም ናይስ (NICE) በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለማኅበራዊ ጭንቀት፣ ማለትም ሰው ፊት ለሚመጣ ከባድ ፍርሃት፣ ለታዳጊዎች እንደ መደበኛ ሕክምና እንዳይሰጥ ይመክራል። የሚያስቀድመው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምናን ነው፤ በቡድን ሳይሆን ለብቻ ሲሰጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ በየጊዜው 45 ደቂቃ ያህል። ባለሙያው ከእርሷ ጋር የሚያስፈሯትን ነገሮች ከ0 እስከ 10 ደረጃ ያስይዛል፤ ከዝቅተኛው ተነሥተው እየደጋገሙ ይለማመዱታል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ከ10 ሲጀምር ነው፦ ሳሎኑ በሰው ሞልቶ ሳለ «ነይ ሰላም በይ» ብሎ መጎተት። ሌላው ስሕተት መሸሸጊያዎቿን አለማየት ነው። ስልኳ ላይ አቀርቅራ ወይም በሹክሹክታ ከመለሰች፣ ያዳነኝ ስልኩ ነው ትላለች እንጂ ቻልኩ አትልም።

እስከዚያው፣ ረጋ ባለች ሰዓት «ከዛሬ ጀምሮ ቶሎ አልመልስልሽም፤ እንደምትችዪ አውቃለሁ» ይበሏት። ስትጠየቅ በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ። በፊቷ «አፋር ናት» አይበሉ። አንድ ቀላል ነገር፣ ለምሳሌ ሱቅ ሄዳ ዳቦ መግዛትን፣ እስኪሰለቻት ትደጋግመው። መጀመሪያ ላይ ልትቆጣ ትችላለች፤ ይታገሷት።

ይህ የማኅበራዊ ጭንቀት ሕመም ይሁን ወይስ ዓይን አፋርነት ብቻ፣ ከደብዳቤ መለየት አይቻልም። ከ6 ወር በላይ ከቆየ፣ ከእኩዮቿም ጋር ከታየና ትምህርቷን ካደናቀፈ ግን በአካል ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ፤ ፈቃዷንም አስቀድመው ይጠይቁ። ትምህርት ቤት መሄድ ካቆመች ወይም ስለ ሞት ካወራች አንድ ቀንም አይጠብቁ።