ጨረር ያጠቆረው ብብት

ጥያቄ፦ እናቴ ለጡት ካንሰር ጨረር ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ብብቷ ጠቁሮ ያሳክካታል። ጎረቤት «ቅቤ ቀቢያት» ይለኛል። (ከጅማ)

መልስ፦ ቅቤውም ማሩም ለማዕድ ይቆዩ። በቀን አንዴ ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠቡ፤ ሳይፈትጉ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን አድርገው ያድርቁ፣ ባለሙያው ለጨረሩ ቆዳዋ ላይ ያሰመረው ምልክት ግን አይጥፋ። ከዚያ ሽታ አልባ ማለስለሻ ቅባት በስሱ። ማሳከኩ ከበረታ ሐኪሙ ሞሜታሶን የተባለ፣ ማሳከክና የቆዳ መቆጣት የሚቀንስ ቅባት ሊያዝ ይችላል።

ብብት ላብና ሰበቃ ስለሚበዛበት ቶሎ ይላጣል፤ ሰፊ የጥጥ ልብስ ይልበሱ። ቆዳው ተልጦ ካዠ ደረቅ ጎዝ አይለጠፍ፤ ሲነሳ አዲሱን ቆዳ ይዞ ይነሳል። የማይጣበቅ የቁስል መሸፈኛ ይጠይቁ። መግል ወይም 38 ዲግሪ ትኩሳት ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። ጨረሩ ካበቃ በኋላም የቆዳው ጉዳት 1 ወይም 2 ሳምንት ሊብስ ይችላል፤ አይደንግጡ።