የሳልቫዶሮቹን ስፓኒሽ መስማት ካቃተሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽ እንዲህ ነው፦ ቨርጂኒያ ሬስቶራንት ኪችን ውስጥ ከኤልሳልቫዶር ሰዎች ጋር ትሠሪያለሽ፤ በአፕ ወራት ተምረሽ ማንበቡን ይዘሽዋል፣ ሲያወሩ ግን አይገባሽም፤ የስፔኑን ልማር ወይስ የላቲን አሜሪካውን? የላቲን አሜሪካውን፣ ከዚያም ውስጥ የእነሱን ያዢ።

መጀመሪያ ግን በእንግሊዝኛ በኩል መተርጎሙን ተዪው። አማርኛሽ ይበቃሻል። «ዳሜ» ማለት «ስጪኝ» ነው፤ «ዳ» ስጪ፣ «ሜ» ኝ። «ሜ ዱዌሌ» ያመኛል፣ «ሜ ጉስታ» ደስ ይለኛል፣ «ሜ ፋልታ» ይጎድለኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው እዚህ ላይ ነው የሚደናበረው፤ ለአንቺ የአፍሽ ልማድ ነው። «ኪየሮ» ብቻውን «እፈልጋለሁ» ስለሆነ በየዓረፍተ ነገሩ «ዮ» (እኔ) አትበዪ። «ኮሚዮ» በላ፣ «ኮሚያ» ይበላ ነበር።

አማርኛው የሚያሳስተው «አለ» ላይ ነው፤ ስፓኒሽ ለሦስት ይከፍለዋል። «ዳቦ አለ?» ለማለት «አይ ፓን?»፣ «ማሪያ አለች?» ለማለት «ኤስታ ማሪያ?»፣ «ጊዜ አለኝ» ለማለት ደግሞ «ቴንጎ ትየምፖ»። ሦስቱን ለየብቻ አጥኚ፣ ካልሆነ ሁሌም ይምታቱብሻል።

አነጋገር ላይ የእኛ ሰው የሚስተው «እ» ነው። «እስኩዌላ» ሳይሆን «ኤስኩዌላ»፤ ስፓኒሽ ውስጥ «እ» የሚባል ድምፅ የለም። «ር»ን ማጥበቅና ማላላት ትርጉም ይለውጣል፦ «ካሮ» ሲላላ ውድ ነው፣ «ር»ዋ ጠብቃ ስትንቀጠቀጥ መኪና። «ቫሞስ» ተብሎ ቢጻፍም የሚባለው «ባሞስ» ነው።

አሁን ወደ ዋናው። የማይሰማሽ «ስ»ን ስለሚውጧት ነው። «ሎስ አሚጎስ» ጆሮሽ ጋ ሲደርስ «ሎህ አሚጎህ» ሆኗል፣ «ማስ» ደግሞ «ማህ»። አፑ ሁሉንም «ስ» እያጎላ ስላስለመደሽ ቃሉን እያወቅሽው ያልፍሻል። ኩባ ተምሮ የመጣ ዘመድ ካለሽ እሱም «ስ» ይውጣልና ጥሩ መለማመጃ ነው። («ግራሲያስ» ውስጥ ያለችውን መካከለኛ «ስ» አብዛኛው ስፔን ምላሱን በጥርስ መሃል አድርጎ ነው የሚላት። ላቲን አሜሪካ ግን «ስ» ይላል፤ አንዱ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ መርከቦቹም ብዙ ሰፋሪዎችም «ስ» ከሚባልባት ከደቡብ ስፔኗ አንዳሉሲያ መነሳታቸው ነው።)

ሁለተኛው «ቮስ» ነው (ሲነገር «ቦስ»)፤ እንደ «ቱ» ሁሉ «አንተ/አንቺ» ማለት ነው። አፑ «ቱ»ን አስተምሮሽ «ቲየኔስ» (አለህ)፣ «ፑዌዴስ» (ትችላለህ) ትጠብቂያለሽ፤ እነሱ ጓደኛቸውን «ቴኔስ»፣ «ፖዴስ» ይሉታል። ደንቡ ቀላል ነው፦ የግሱን የመጨረሻ «ር» በ«ስ» ተኪና መጨረሻውን ጫን በዪው፤ «ቴኔር» «ቴኔስ» ይሆናል። ለትእዛዝ «ር»ዋን ጣያት፤ «ቤኒር» «ቤኒ»፣ ማለትም «ነይ»። «ሴር» (መሆን) ግን ታፈነግጣለች፣ «ሶስ» ነው የምትሆነው። ኩባ ውስጥ «ቱ» እንጂ «ቮስ» አይባልም፤ ዘመድሽ እዚህ ላይ አይጠቅምሽም።

ልምምዱ በቀን 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ዜና አትስሚ፣ ዜና አንባቢ «ስ»ን ብዙም አይውጥም። ዩቲዩብ ላይ ሳልቫዶሮች መንገድ ላይ የሚያወሩበትን ቪዲዮ ፈልጊና አንድ ደቂቃ ብቻ ቁረጪ። ሦስት ጊዜ ያለ ጽሑፍ ስሚ። ከዚያ የስፓኒሹን ጽሑፍ ክፈቺ (የእንግሊዝኛውን አይደለም)፣ የተዋጠችውን እያንዳንዷን «ስ» አስምሪባት። ከዚያ አብረሽ ተናገሪ፤ ካልደረስሽበት ፍጥነቱን 0.75 አድርጊ። ያንኑ አንድ ደቂቃ ሦስት ቀን ደጋግመሽ ሳትጨርሺ ወደ ሌላ አትሂጂ፤ በየቀኑ አዲስ የሚከፍት ሰው ጆሮው አይከፈትም።

ኪችን ውስጥ «ፒስቶ» ሲሉሽ ገንዘብ ነው፣ «ሲፖቴ» ልጅ፣ «ቹቾ» ውሻ። አንቺ ግን መጀመሪያ ሁሉንም «ኡስቴድ» በያቸው፣ ልክ እንደ «እርስዎ»፤ ግሱም በእሱ/በእሷ መልክ ይሄዳል፣ «ኡስቴድ ቲየኔ»። እነሱ «ቮስ» ማለት ሲጀምሩ ያኔ ትመልሺላቸዋለሽ።